ሶላሩን በሐምሌ፣ ሮቶውን በጥር፦ ጅማ ዙሪያ መስመር ላልደረሰው ቤት የመብራት፣ የሙቀትና የውኃ ምርጫዎች

ሰቃ ጨቆርሳም ሆነ ማና፣ ቀርሳም ሆነ ዴዶ፣ የመብራት መስመርና የቧንቧ ውኃ ባልደረሰበት ቦታ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ሶላር ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ወደዚያ ከመሄድ በፊት ግን የቤቱን ሥራ ለሦስት መክፈል ይበጃል፦ መብራትና የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ሙቀት፣ ውኃ። ገንዘብ በብዛት የሚባክነው ሦስቱም በአንድ ባትሪ ላይ ሲጫኑ ነው።

የጅማ አካባቢ በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ይሳሳል። ስለዚህ መብራት የሚያጥረው በሐምሌና በነሐሴ፣ ውኃ የሚያጥረው ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ነው። ሶላር የሚለካው በሐምሌ ደመና፣ የውኃ ማጠራቀሚያ የሚለካው በጥር ድርቀት ነው። በጥር ፀሐይ ተሰልቶ የተገዛ ሶላር ክረምቱ ሲገባ ገና ራት ሳይበላ ይጠፋል።

ሁለተኛው መሠረታዊ ነገር ሙቀትን ከባትሪ አለመጠየቅ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። 1,000 ሊትር ውኃ ከጉድጓድ ተነሥቶ 18 ሜትር ወደ ላይ ሲገፋ የፓምፑ ብክነት ተጨምሮ 140 ዋት ሰዓት (ዋት በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ) ያህል ይፈጃል። ለአንድ ሰው ገላ መታጠቢያ 40 ሊትር ውኃ ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ለማሞቅ 1,000 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ጊዜ እንጀራ መጋገር ደግሞ ወደ 5,000 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ውኃ መሳብ ለሶላር ቀላል ሥራ ነው፤ ማሞቅና መጋገር ግን ባትሪ ይጨርሳል።

የቤቱን ፍጆታ መጻፍ

የየዕቃውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት ማባዛት ነው። አምስት ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 175፣ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 4 ሰዓት 180፣ ዲኮደር 50፣ ሦስት ስልክ 45፣ ሬዲዮና ሌላ ጥቃቅን 50፤ በድምሩ 500 ዋት ሰዓት። በቀጥታ ከባትሪ የሚሠራ 100 ሊትር ገደማ የሚይዝ ፍሪጅ ሲጨመር ሌላ 450 ይመጣል። ስለዚህ ፍሪጅ የሌለው ቤት 500፣ ያለው 950 ዋት ሰዓት ብለን እንቀጥላለን።

እዚህ ላይ አንድ ዕቃ ሾልኮ ይገባል። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ የሚፈላበት ቤት ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ካደረገ፣ በአንዱ 250 ዋት ሰዓት ሲታሰብ፣ በቀን 750 ይሆናል። ይህ ከአምፖሉ፣ ከቴሌቪዥኑና ከስልኩ ድምር ይበልጣል። ጀበና ከሰል ወይም ባዮጋዝ ላይ ይቀመጥ።

የፓኔሉ ስሌት አጭር ነው። የቀን ፍጆታን ለ3.5 የፀሐይ ሰዓት (ፓኔሉ በሙሉ ጉልበቱ እንደሚሠራ የሚቆጠርበት የቀኑ ሰዓት) ማካፈል፣ ከዚያ ለ0.7 ማካፈል። 3.5 የሐምሌን ደመና የሚቋቋም ጥንቁቅ ቁጥር ነው፤ 0.7 በገመድ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪ የሚባክነውን ይሸፍናል። ለ500 ዋት ሰዓት 200 ዋት ፓኔል፣ ለ950 ደግሞ 390 ዋት ይወጣል። ገበያ ላይ ወደሚገኘው ቀጣይ መጠን ከፍ ማድረግ ነው እንጂ ወደ ታች ማጠጋጋት አይገባም።

የመብራት አማራጮች

ትንሹ ኪት ከ10 እስከ 50 ዋት ፓኔል፣ ሦስት ወይም አራት አምፖልና የስልክ ቻርጀር አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። ገመዱ ተሰክቶ ያልቃል፤ ባለሙያ አይፈልግም። ለተከራይ፣ ለእርሻ ጎጆ፣ መስመር በቅርቡ ይመጣል ተብሎ ለሚጠበቅበት ቦታ ከዚህ የተሻለ የለም። ደካማ ጎኑ አለማደጉ ነው፦ ቴሌቪዥን ለመጨመር ሲፈለግ ኪቱ እንዳለ ይቀየራል። ሲገዛ ባትሪው ለብቻው ሊቀየር የሚችል መሆኑንና ዋስትናው በጽሑፍ መሰጠቱን ማየት ያስፈልጋል።

መካከለኛው ከ200 እስከ 600 ዋት ፓኔል፣ ለብቻው የተገዛ ባትሪና ቻርጅ ኮንትሮለር (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ነው። ለአብዛኛው ቤተሰብ የምንመክረው ይህንን ነው። ብልሽትም በብዛት የሚታየው እዚሁ ላይ ነው፤ ዕቃዎቹን የሚያጣጥመው ገዢው ራሱ ስለሆነ።

የመጀመሪያው ስሕተት ትልቅ ፓኔልን ርካሽ ኮንትሮለር ላይ ማሰር ነው። 450 ዋት የተጻፈበት ፓኔል በ41 ቮልት 11 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ፒደብሊውኤም የሚባለው ኮንትሮለር ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ይጎትተዋል፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ 11 አምፔር በ13 ቮልት ሲባዛ 143 ዋት ነው። የተከፈለበት የቀረው 300 ዋት የትም አይደርስም። ኤምፒፒቲ የሚባለው ኮንትሮለር ቮልቱን ለውጦ አብዛኛውን ያስገባል። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ኤምፒፒቲ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ውስጣቸው ፒደብሊውኤም የሆኑም ይሸጣሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ባትሪው ጎድሎ ሳለ በጥሩ ፀሐይ ወደ ባትሪው የሚገባው አምፔር ከፓኔሉ ከሚወጣው አምፔር መብለጥ አለበት። እኩል ከሆነ ፒደብሊውኤም ነው። ፒደብሊውኤም የሚያዋጣው «12 ቮልት» ተብሎ ከሚሸጠው፣ ጫፉ 18 ቮልት ገደማ ከሆነው ትንሽ ፓኔል ጋር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኢንቨርተር፣ የባትሪውን ኃይል እንደ ከተማ መብራት ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ዕቃ፣ ነው። 3,000 ዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት እንኳ 40 ዋት ያህል ይበላል። በ24 ሰዓት 960 ዋት ሰዓት ነው፤ ቤቱ ከነፍሪጁ ከሚጠቀመው ጋር እኩል። ሰዎች «ባትሪው ሞተ» ብለው የሚያመጡት ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያደረ ኢንቨርተር ነው። አምፖል፣ ስልክና ፍሪጅ በቀጥታ ከባትሪው የሚሠሩ ይሁኑ፤ ለቴሌቪዥን ከ300 እስከ 500 ዋት የሚችል ንጹሕ ሳይን ኢንቨርተር ይበቃል፣ ሲጨርሱም ይጠፋል። «ሞዲፋይድ» የሚባለው ርካሹ ኢንቨርተር ሞተር ያለውን ዕቃ ያግላል፤ ፍሪጅ አይሰካበት።

ሦስተኛው ገመድ ነው። በ12 ቮልት 200 ዋት ማለት ወደ 17 አምፔር ነው። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ 10 ሜትር ርቆ ሲዘረጋ 1.5 ቮልት ገደማ በመንገድ ይቀራል፤ ከመቶ 12 ማለት ነው። ያው ገመድ በ24 ቮልት ከመቶ 3 ብቻ ያጠፋል። ስለዚህ ከ300 ዋት በላይ ከሆነ ሲስተሙ በ24 ቮልት ይሠራ፤ ባትሪውም ለፓኔሉ ይቅረብ። ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከ30 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ መግባት አለበት። ፊውዝ የሌለው ባትሪ ገመዱ ሲነካካ ቤት ያቃጥላል።

ትልቁ ደግሞ ከ2,000 ዋት በላይ ፓኔል፣ 48 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪና 3,000 ወይም 5,000 ዋት ኢንቨርተር ያለው ነው። ለክሊኒክ፣ ለሱቅ፣ ለትንሽ ወፍጮ ወይም ለእንግዳ ማረፊያ ይገባል። እንጀራ ለመጋገር ብሎ እዚህ ደረጃ መድረስን አንደግፍም። 3,500 ዋት ምጣድ 5,000 ዋት ኢንቨርተር ይጠይቃል፤ የአንድ ቀን ጋገራን በሐምሌ ለመተካት ብቻ 2,000 ዋት ፓኔል ይፈልጋል።

ጄኔሬተር ለብቻው አያዋጣም። 2 ኪሎ ዋት ቤንዚን ጄኔሬተር ለ100 ዋት መብራት ሲነሣ እንኳ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ጥቅሙ በነሐሴ ተከታታይ የደመና ቀናት ባትሪውን ለሁለት ሰዓት በሙሉ ጉልበት መሙላት ነው። የነፋስ ተርባይን እዚህ አካባቢ ይቅር፤ ነፋሱ ደካማ ነው።

በአንጻሩ ብዙ ሰው የማያስበው ወንዝ ነው። ዳገታማ ቦታ ላይ ከቤት አጠገብ የማይደርቅ ጅረት ካለ ትንሽ የውኃ ተርባይን ከሁሉም ይበልጣል፤ ሶላር ሲደክም እሱ ይበረታልና። የሚሰጠው ዋት በግምት 5 ሲባዛ በሰከንድ የሚፈሰው ሊትር፣ ሲባዛ የቁልቁለቱ ከፍታ በሜትር ነው። በጥር ወይም በየካቲት ጅረቱን በቆርቆሮ አሸንዳ ሰብስቦ በሰዓት መለካት ነው፦ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በ4 ሰከንድ ከሞላ 5 ሊትር በሰከንድ ነው። በ8 ሜትር ከፍታ 200 ዋት፣ ሌት ተቀን 4,800 ዋት ሰዓት፤ በሐምሌ ይህን ለማግኘት 2,000 ዋት ገደማ ፓኔል ያስፈልግ ነበር። የሚያበላሸው ሁለት ነገር ነው። ቱቦው ባለ 2 ኢንች ከሆነ በ100 ሜትር ርዝመት ከፍታው በሙሉ በፍትጊያ ያልቃል፤ ባለ 3 ኢንች ሲሆን የሚጠፋው 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ክረምት ደግሞ ደለልና ቅጠል መግቢያውን ይደፍናል፤ ከቱቦው በፊት ማጥለያ ወንፊትና ደለሉ የሚረጋበት ገንዳ ያስፈልጋል። ጅረቱ የጋራ ስለሆነ ከታች ካሉት ጎረቤቶች ጋር መነጋገር፣ ከወረዳው ፈቃድ መጠየቅ አስቀድሞ ይለቅ።

ፓኔሉ ወዴት ይዙር

«ወደ ደቡብ፣ ጠለቅ ተደርጎ» የሚለው ምክር ከሩቅ ሰሜን አገሮች የመጣ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 7.7 ዲግሪ ላይ ነች፤ ከሚያዝያ መባቻ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ድረስ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ፓኔሉ የሚቸገርበት ወቅትም ይኸው ነው። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ይዘንበል፤ ከ10 በታች ሲሆን ዝናብ አያጥበውም፣ ታችኛው ጠርዝ ላይ ጭቃና አረንጓዴ ሽበት ይይዛል። የጣሪያዎ ጥላ የሌለበት ክዳን ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ ሳይሠጉ ይጠቀሙበት፤ በታኅሣሥ የሚያጣውን ያኔ የሚተርፈው ፀሐይ ይሸፍነዋል። የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጠነክር ወደ ምሥራቅ ያዘነበለም ጥሩ ነው።

ከአቅጣጫው ይልቅ ጥላው ይከብዳል። የቡና ጥላ ዛፎች፣ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ በየዓመቱ ቅርንጫፍ ይዘረጋሉ፤ ከፓኔሉ አንድ ጥግ ብቻ ቢጋረድ የመላው ፓኔል ምርት ክፉኛ ይወርዳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ የማያርፍበት ቦታ ከሌለ ፓኔሉን ገላጣ ሜዳ ላይ በብረት ምሰሶ ማቆም ይሻላል። አካባቢው መብረቅ ይበዛበታል፤ የፓኔሉ ፍሬም በወፍራም የመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ 1.5 ሜትር ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይያያዝ፣ ኮንትሮለሩም በፊቱ ለዲሲ (ከፓኔልና ከባትሪ ለሚወጣው ኤሌክትሪክ) የተሠራ ሰርጅ ፕሮቴክተር፣ ማለትም ድንገተኛ የቮልት ጭማሪን የሚመልስ ዕቃ፣ ይኑረው።

ባትሪ፦ ሊቲየም ወይስ ጄል

ለ950 ዋት ሰዓት ቤት ሁለት የደመና ቀን ለመቋቋም 1,900 ዋት ሰዓት ሊወጣ የሚችል ባትሪ ያስፈልጋል። ጄል የሚባለው የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በላይ ቢወጣበት ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ቢያንስ 3,800 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ እያንዳንዱ ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝን። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከመቶ እስከ 80 ይወጣበታል፤ አንድ ባለ 24 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ይበቃል፣ ክብደቱም ከአንዱ ጄል ግማሽ ገደማ ነው። ጄል እንደ አያያዙ ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ ሞልቶ ሲወጣ፣ ሊቲየሙ ከ3,000 ያልፋል። ዛሬ ኪስ ከፈቀደ ሊቲየም ነው የሚመረጠው። ጄል የሚያስኬደው ሲስተሙ ትንሽ ሲሆን፣ ወይም የሚጠገንና የሚለወጥ ባትሪ ሁልጊዜ ቅርብ ሲፈለግ ነው።

የመኪና ባትሪ አይደለም። እሱ ለአፍታ ብዙ ጉልበት አውጥቶ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ነው፤ በየሌሊቱ ሲራገፍ ሳህኖቹ ቶሎ ይበላሻሉ፣ ብዙውን ጊዜ ዓመት አይሞላም። አሮጌና አዲስ ባትሪ ጎን ለጎን ማሰርም እንዲሁ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።

ሙቀት

ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ቤትን ለማሞቅ የተለየ ሲስተም አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ኮርኒስና በደንብ የሚዘጋ በር ግን ይበቁታል። ዴዶ ከፍታ ላይ ብርዱ ይከፋል፤ እዚያም ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ እንጂ የከሰል ማንደጃ ይዞ መተኛት አይታሰብ። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላ ሽታ የሌለውን መርዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ሙሉ ይገድላል።

እንግዲህ ሙቀት እዚህ ማለት በዋናነት ምግብና የገላ ውኃ ነው።

ለእንጀራ፣ ምርጥ ምድጃ። ከሲሚንቶና ከፓሚስ የሚሠራ ዙሪያ ሆኖ ነባሩ ምጣድ ይቀመጥበታል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የሚቆጥበው ግን በትክክል ሲገጠም ነው። ክፍሎቹ የሚገናኙበት ስንጥቅ በጭቃ ይደፈን፤ ምጣዱ ዙሪያውን ሳይላወስ ይረፍ፤ የጭሱ መውጫ ላይ ድስት ይቀመጥበት፣ እዚያ የሚያልፈው ሙቀት ወጥ ወይም የገላ ውኃ ያሞቃል። የእሳቱ አፍ ወደ ነፋስ ከዞረ ምጣዱ በአንድ ወገን ያርራል። ማገዶው እርጥብ ከሆነ የትኛውም ምድጃ አያድነውም፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የተቆረጠ እንጨት ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ተደርድሮ ክረምቱን ይጠብቅ። ቡና ያለው ቤት ከጉንደላ የሚወጣው የቡና ግንድ ጥሩ ማገዶ ነው። የቡና ገለባ ግን እንዲሁ ሲነድ ጭሱ አያስቀምጥም፤ ተጨምቆ ካልሆነ ቤት ውስጥ አይግባ።

ባዮጋዝ ከብት ላለው ቤት ነው። በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የተስፋፋው ስንዱ የሚባለው የግንብ ማብላያ ባለ 6 ሜትር ኩብ ሆኖ ሲሠራ በቀን 40 ኪሎ ያህል ትኩስ እበት ይመገባል፤ ይህ ሌሊት በረት የሚያድሩ 4 ከብቶች ማለት ነው። ከዚያ 1.5 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ፣ ማለትም አንድ ምድጃ ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል የሚያነድ ይገኛል። ለወጥ፣ ለቡና፣ ለሻይ በጣም ጥሩ ነው፤ ለምጣድ ግን ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ሙቀቱ አይዳረስም። ስለዚህ ምርጥ ምድጃን አያስቀርም። ብዙዎቹ ማብላያዎች ቆመው የሚቀሩት በውኃ ነው፤ እበቱ በእኩል ውኃ ይበጠበጣል፣ በቀን 40 ሊትር። በጥር ይህ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ያላሰበ ቤት ማብላያውን በደረቅ እበት ይደፍነዋል። የከብት ሽንትና ሳሙና የሌለበት እጣቢ ሊተካው ይችላል። ሳሙናና በረኪና ከገቡበት ጋዝ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ።

የሲሊንደር ጋዝ ንጹሕና ፈጣን ነው፤ 12.5 ኪሎው ለገላ ውኃ ብቻ ቢውል 120 ጊዜ ገደማ ያስታጥባል። አሞላሉ ከተማ መመላለስ ስለሚጠይቅ ለመጠባበቂያ እንጂ ለዋና አይሆንም።

ለገላ ውኃ የፀሐይ ማሞቂያ ከሁሉም ይሻላል። ባለ ቫኩም ቱቦ 150 ሊትር ማሞቂያ ያለ ፓምፕ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። በክረምት ለብ ይላል እንጂ አይሞቅም፤ የቀረውን የምርጥ ምድጃው ድስት ይሞላዋል። ሲገጠም ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ቅጽበት ነው፦ ባዶ ቱቦ ፀሐይ ላይ ቆይቶ እኩለ ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ቢገባበት ይሰነጠቃል። በማለዳ ይሞላ። ገንዘቡ ካጠረ ጥቁር የተቀባ 100 ሊትር በርሜል ጣሪያ ላይ ቢሰቀል በበጋ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰው የሚሆን ሙቅ ውኃ ይሰጣል፤ ማታ ግን ይቀዘቅዛል። ጥቁር ቱቦ መጠምጠምም ያለ ነው፤ 100 ሜትር ባለ ግማሽ ኢንች ቱቦ የሚይዘው 20 ሊትር ብቻ መሆኑን አውቆ መግባት ነው።

ውኃ

60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 48 ሊትር ያህል ያወርዳል፤ አንድ ጥሩ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶን ይሞላል ማለት ይቻላል። ዓመቱን ሲደመር ወደ 72,000 ሊትር ነው። ችግሩ ማቆየቱ ላይ ነው። አምስት ሰው በ40 ሊትር ሒሳብ በቀን 200 ሊትር ይጠቀማል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ላሉት 90 ቀናት 18,000 ሊትር። ይህን ሁሉ በሮቶ ማጠራቀም ውድ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል እናበረታታለን። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በሰው 10 ሊትር ቢታሰብ 90 ቀን 4,500 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይበቃዋል። ለልብስ፣ ለገላ፣ ለከብትና ለጓሮ የጉድጓድ ውኃ። በዚህ አከፋፈል ጉድጓዱ ቢደፈርስ እንኳ ቤተሰቡ የሚጠጣው አያጣም።

አሸንዳው በሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ያዘንብል፣ ማሰሪያው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ይሁን። የዝናቡ የመጀመሪያ ውኃ አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ለየጣሪያው ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር፣ እዚህ 30 ሊትር፣ ወደ ሮቶው ሳይገባ መጣል አለበት። በመውረጃው ቱቦ ላይ 30 ሊትር በርሜል አስገብቶ፣ በርሜሉ ሲሞላ ተንሳፋፊ ኳስ አፉን እንዲዘጋና ውኃው ወደ ሮቶው እንዲሻገር ማድረግ ነው። ከበርሜሉ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ካልተበጀ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ሆኖ አይጠብቅም። ሳር ክዳንና ቀለሙ የሚላጥ ጣሪያ ለመጠጥ አይሆንም።

ጉድጓድ የሚቆፈረው ውኃው ዝቅ በሚልበት በየካቲት ነው፤ ውኃ ከተገኘ በኋላ ሌላ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይወረዳል። በክረምት የተቆፈረ ጉድጓድ ጥር ላይ ይደርቃል። ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ መጸዳጃውም ከበላዩ አይሁን። የላይኛው 3 ሜትር በሲሚንቶ ቀለበት ይታሸግ፣ አፉ ከመሬት ከፍ ብሎ ይከደን፣ ዙሪያው በኮንክሪት ተለስኖ ማፋሰሻ ይኑረው፤ ሸክላማ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ የላይ ቆሻሻ ውኃ በስንጥቁ ቀጥታ ይወርዳል። ውኃውን ለማድረቅ የቤንዚን ፓምፕ ጉድጓዱ ውስጥ ፈጽሞ አይውረድ። ጭሱ እዚያው ይቀራል፤ ቆፋሪው በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮ። ኩራዝ አውርዶ መሞከር አየር መኖሩን እንጂ የሞተር ጭስ አለመኖሩን አያሳይም።

ለመሳቢያ ሁለት ምርጫ አለ። የገመድ ፓምፕ ርካሽ ነው፣ የሚሰበረው ገመዱና ጎማዎቹ ብቻ ናቸው፣ በቤት ይጠገናል፤ ከ10 ሜትር ጥልቀት በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ሊትር ያወጣል፣ ከ30 ሜትር በኋላ ግን ጉልበት ይጨርሳል። በቀጥታ ከፓኔል የሚሠራ ጠላቂ ፓምፕ ከ100 እስከ 200 ዋት ፓኔል ይበቃዋል፣ ባትሪ አይፈልግም፤ ፀሐይ ባለ ጊዜ ሮቶውን ሞልቶ በተንሳፋፊ ማብሪያ ይቆማል። ውኃ ሲጎድል የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ካልተገጠመለት ደርቆ ይሽከረከርና ይቃጠላል። አቅም ያለው ሁለተኛውን ይግጠም፣ የገመድ ፓምፑንም አያፍርስ።

የሮቶ ማቆሚያ ቁመት ግፊትን ይወስናል፦ 10 ሜትር አንድ ባር ነው። 3 ሜትር ማቆሚያ ለቧንቧና ለሻወር ይበቃል፤ ግፊት የሚፈልገውን የጋዝ ማሞቂያ ግን አያስነሣም። ሞልቶ የቆመ 1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቶን ነው፤ ባሕር ዛፍ ማቆሚያን ምስጥ ይበላዋል። የአንግል ብረት ወይም የድንጋይ ግንብ ይሁን፤ ወለሉም ሙሉ ጠፍጣፋ፣ በአጣና የተደገፈ ሳይሆን።

ምንጭ ካለ ማጎልበቱ ከጉድጓድ ይቀድማል፤ ከበላይ ሆኖ በራሱ የሚወርድ ውኃ ፓምፕ አይሻም። ወንዝ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው። በተለይ በመኸር ወራት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት በታች ያለውን ውኃ ለከብትም ቢሆን አይጠቀሙበት።

የጉድጓድም የጣሪያም ውኃ ለመጠጥ ይታከማል። ውኃ አጋር ወይም ሌላ ክሎሪን መለያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ፤ የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ ይረጋ፣ በጨርቅ ይጠለል። ማፍላት ከተመረጠ ጅማ ላይ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ዴዶ ሦስት ደቂቃ። 20 ሊትር ማፍላት በጥሩ ምድጃም 2 ኪሎ ገደማ እንጨት ይፈጃል፤ ለዚህ ነው ክሎሪን በየቀኑ ማፍላትን የሚያሸንፈው።

በምን ይጀመር

ገንዘብ የሚገባው ቡና ሲሸጥ ከሆነ ወቅቱ ራሱ ቅደም ተከተሉን ይሰጣል። በታኅሣሥና በጥር ማገዶ ይቆረጥና ምርጥ ምድጃው ይተከል። በየካቲት ጉድጓዱ ይቆፈር። አሸንዳና ሮቶ መጋቢት ከመግባቱ በፊት። ሶላሩ እስከ ግንቦት ይድረስ እንጂ ቀድሞ ተገዝቶ መቀመጥ የለበትም፤ በተለይ ጄል ባትሪ ሳይሞላ ሲቀመጥ ይሞታል። ሲገዛም መልቲ ሜትር (ቮልት መለኪያ) ይዞ መሄድ ነው። ምንም ያልተሰካበት ባለ 12 ቮልት ጄል ባትሪ ከ12.4 ቮልት በታች ካነበበ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ነውና ሌላ እንዲወጣልዎ ይጠይቁ።